የሰው ሐቅና የመንግሥት ምሕረት፦ የትናንት ዐመፀኛ የዛሬ ወታደር ሲሆን

መንግሥት ጠመንጃ ያነሱበትን ሰዎች ድል ከነሣ ወይም ከእነርሱ ጋር ከታረቀ በኋላ መለዮ አልብሶ የራሱ ሠራዊት ክፍል ሲያደርጋቸው፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በጸጥታና በፖለቲካ ሚዛን ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ይታመናሉ ወይ፣ ደመወዛቸው ከየት ይመጣል፣ አዛዣቸው ማን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ቀድመው ይነሣሉ። በ2024 መጨረሻ (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሳድ መንግሥት ከወደቀ በኋላ አዲሱ የሶርያ አስተዳደር ወደ 3,500 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ኡይጉር የሆኑ የውጭ አገር ተዋጊዎችን 84ኛ በተባለ ክፍለ ጦር ውስጥ ለማካተት ሲወስን የተነሣው ክርክርም ከዚህ እምብዛም አልራቀም። ከእነዚህ ጥያቄዎች ሥር ግን የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ሊቃውንት ሊሸሹት የማይገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዐመፀኛው ወታደር በሆነበት ቀን ይቅር የተባለው ምንድን ነው፣ ይቅር የማለት ሥልጣን ያለውስ ማን ነው የሚለው ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር ደማምና ኾባር የሚገኙበት፣ በአረብኛ አሽ-ሸርቂያ የሚባለው የሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ብዙ ነገር ያቀርባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ በዘህራን፣ በማርች 1938 ደማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ማፍለቅ ከጀመረ ወዲህ የአገሪቱ ሀብት ምንጭ የሆነውን ይህን ምድር ከሚጠብቁት ኃይሎች አንዱ፣ አል-ሐረስ አል-ወጠኒ የሚባለው ብሔራዊ ዘብ ነው፤ የዚህ ዘብ ሥር ደግሞ ሲመዘዝ የሚደርሰው፣ አንድ ጊዜ መንግሥቱን ያቆሙ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መንግሥቱን ሊያፈርሱ የተነሡ ኢኽዋን የሚባሉ ተዋጊዎች ዘንድ ነው።

ኢኽዋን ማለት «ወንድሞች» ማለት ሲሆን፣ ከ1912 ገደማ ጀምሮ ግመላቸውንና የዘላን ኑሯቸውን እየተዉ በአል-አርጧዊያ፣ በገጥገጥና በመሳሰሉት አዳዲስ መንደሮች የሰፈሩ፣ ሃይማኖትን መማርና ለሃይማኖት መዋጋትን የሕይወታቸው ሥራ ያደረጉ የበረሃ ሰዎች መጠሪያ ነው። መንደሮቹን ሂጅራ አሏቸው፤ ቃሉ ስለ እምነት ሲባል አገርን ትቶ መሰደድን የሚያመለክት ነውና፣ ከአለማወቅ ኑሮ ወደ እምነት ኑሮ መሰደዳቸውን ሊናገሩበት ፈለጉ። (ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ የእስልምና የመጀመሪያው ሂጅራ የተደረገው ወደ ሐበሻ ምድር፣ ወደ ነጃሺ ጥላ ነበርና።) የሙጠይሩ መሪ ፈይሰል አድ-ዱወይሽ፣ የዑተይባው ሱልጣን ቢን ቢጃድና የዐጅማኑ ደይዳን ቢን ሒስለይን ለሳዑዲው ንጉሥ ለዐብዱልዐዚዝ በይዓ ሰጥተው፣ ማለትም እጅ ለእጅ ተያይዘው የመታዘዝን ቃል ኪዳን ገብተው፣ በ1924 ጧኢፍንና መካን ለያዘው፣ በ1925 መጨረሻም ጂዳን ላስገበረው ዘመቻ ኃይል ሆኑ።

ጠቡ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ንጉሡ ከኢራቅ፣ ከኩዌትና ከማዶ ዮርዳኖስ ጋር ድንበር ተካልሎ ከእንግሊዝ ጋር ውል ሲገባ ድንበር ተሻግሮ መውጋትን ከለከለ፤ ኢኽዋኖቹ ደግሞ ትናንት ጂሃድ የተባለው ዛሬ በምን ምክንያት ወንጀል ሊሆን ቻለ ብለው ጠየቁ፤ ስለ ቴሌግራፉ፣ ስለ ቀረጡ፣ የአል-አሕሳና የቀጢፍ ሺዓዎች በሥርዓታቸው ስለ መኖራቸውም ክስ አቀረቡ። በፌብሩዋሪ 1927 የሪያድ ዑለማ፣ ማለትም የሃይማኖቱ ሕግ ሊቃውንት፣ የሰጡት ፈትዋ ይህን ክርክር በሚገባ ያሳያል፤ ስለ ቴሌግራፉ ብይን ከመስጠት ተቆጠቡ፣ ቀረጡ ከሸሪዓ ውጭ መሆኑን አመኑ፣ ነገር ግን ኢማሙ፣ ማለትም ንጉሡ፣ ባይተወው እንኳ በእርሱ ላይ መነሣት አይፈቀድም አሉ፤ ጂሃድ የማወጅ ሥልጣንም የኢማሙ ብቻ መሆኑን ደነገጉ። ሺዓዎቹን በሚመለከት ግን ፈትዋው ለኢኽዋን ያደላ ነበር፤ እምነታቸውን እንዲተዉና የአደባባይ ሥርዓታቸውን እንዲያቆሙ አዘዘ። በ1913 ቱርኮች ከሁፉፍ ሲወጡ ለአዲሱ ገዥ በሰላም የገበሩት፣ በሃይማኖታቸው ላለመነካት ቃል ተቀብለው ነበር። ንጉሡና ተዋጊዎቹ ስለ ሥልጣን ሲከራከሩ፣ በክርክሩ ያልተቀመጠው የአል-አሕሳና የቀጢፍ ሰው የክርክሩ ማስታረቂያ ሆኖ ቀረበ፤ በዚህ ጽሑፍ ደጋግሞ የሚነሣው ሦስተኛ ወገን ይህን የመሰለው ነው።

የኢኽዋን ጥያቄ በራሱ ከንቱ አልነበረም፤ የታዘዘ ሰው የትእዛዙን ምክንያት መጠየቁ የሕሊና ሕያውነት ምልክት ነው። መልሳቸው ግን በደቡብ ኢራቅ እረኞችና በገዛ አገራቸው በነጅድ ነጋዴዎች ደም ላይ የተሠራ ነበርና ለጥያቄው ክብር ሲባል ድርጊቱን ማቅለል አይገባም። በማርች 1929 መጨረሻ በሰቢላ ሜዳ ንጉሡ ድል አደረጋቸው።

ከዚያ በኋላ በምሥራቁ ግዛት የሆነው ነገር ከጦርነቱ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ነው። የዐጅማን ጎሣ የግጦሽ ምድሩ ከአል-አሕሳ ጀርባ ያለው በረሃ ነው፤ መሪው ደይዳን ቢን ሒስለይን በሰቢላ አልተሰለፈም ነበር። በሜይ 1929 የአል-አሕሳ ገዥ የዐብዱላህ ቢን ጂሉዊ ልጅ ፈህድ ጦር ይዞ ወደ ጎሣው ምድር ወጣና ደይዳንን ወደ ሰፈሩ ጠራው፤ ደይዳንም በአማን፣ ማለትም ሕይወቱ እንደማይነካ በተሰጠው የጥበቃ ቃል ተማምኖ መጣ፤ መጥቶም ተያዘ። ወገኖቹ ሊያስለቅቁት ሲመጡ ፈህድ አስገደለው፤ በዚያው ግርግር ፈህድ ራሱ ተገደለ፤ የገደለውም በእርሱ ጦር ውስጥ የነበረ የዐጅማን ሰው ነው ይባላል። እስከዚያ ቀን ለንጉሡ ታማኝ የነበሩት ዐጅማኖች ሳይቀሩ ዐመፁ። አማን በእስልምና ሕግ ታላቅ ክብር ያለው ቃል ነው፤ ተራ ሰው እንኳ ከሰጠው መሪው ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ከደይዳን ጋር የሞተው፣ ዐመፀኛ ወደ መንግሥት የሚመለስበት አንዱ በር ራሱ ነበር፤ ቃሉ የማይታመን ገዥ የሚሰጠው ምሕረት ለሚቀበለው ወጥመድ ይመስለዋልና። በጃንዋሪ 1930 ኩዌት ውስጥ ለእንግሊዞች እጁን የሰጠው ፈይሰል አድ-ዱወይሽ ሕይወቱ እንደሚተርፍ ዋስትና ተጠይቆለት ለንጉሡ ሲመለስ ቃሉ ተጠበቀ፤ ሰውየው አልተሰየፈም፣ በ1931 በሪያድ እስር ቤት ሞተ።

የዐመፁ መሪዎች እንዲህ ሲያልፉ ተከታዮቹ ወዴት ሄዱ የሚለው የሚመልሰው ወደ ብሔራዊ ዘቡ ነው። ንጉሡ ታማኝ ከሆኑት ኢኽዋን፣ እየቆየም ከዐመፁት ጎሣዎች ልጆች ጭምር፣ የጎሣ ተዋጊዎችን በደመወዝ ያዘ፤ የወታደር ልብስ ሳይሆን የዘወትር ነጭ ቀሚሳቸውን ይለብሱ ስለነበር ነጭ ጦር ተባሉ። ይህ ኃይል በ1950ዎቹ አጋማሽ ብሔራዊ ዘብ የሚለውን ስም አገኘ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2010 የመራው ኋላ ንጉሥ የሆነው ዐብዱላህ ነበር፤ በ2013 ደግሞ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። ዐብዱላህ ለዚህ ቦታ መመረጡ ያለ ትርጉም አይደለም። እናቱ ፈህዳ ከሸመር ጎሣ ስትሆን፣ የሳዑዶች ብርቱ ባላንጣ የነበሩት የሓኢል ገዥዎች የራሺዶች ቤት መስፍን ባል ሞቶባት የነበረች ናት፤ የድል አድራጊው ልጅ በእናቱ በኩል የተሸናፊው ወገን ነበር ማለት ነው። ዘቡም ለረጅም ጊዜ በጎሣ በጎሣ የተዋቀሩ፣ በባላባቶቻቸው ሥር ያሉ ፈውጅ የሚባሉ ክፍሎች ነበሩት፤ መንግሥት የጎሣውን አለቃ ክብር ሳይነካ የጎሣውን ክንድ ወሰደ።

ለዚህ አሠራር በእስልምና ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ ስም አለ። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ሙአለፈቱል ቁሉብ፣ ማለትም «ልባቸው እንዲለዝብ የሚረዱ» ናቸው። ነቢዩ በ630 መካ ስትያዝ ለጠላቶቻቸው ምሕረት ካደረጉና ከሑነይን ጦርነት ከተመለሱ በኋላ፣ ትናንት ይወጓቸው ለነበሩት የቁረይሽ መኳንንት ከምርኮው አትረፍርፈው ሰጡ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረዋቸው የቆሙት የመዲና አንሷሮች በዚህ ቅር እንደተሰኙና ነቢዩም ሰብስበው እንዳጽናኗቸው የታወቀ ነው። ታማኙ ቆሞ ሳለ ለመጪው የሚሰጥበት አሠራር ታማኙን የሚያሳዝን መሆኑ ያኔም አልተሰወረም፤ ልዩነቱ ቅሬታው መሰማቱና መልስ ማግኘቱ ነው።

ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የዓረብ ጎሣዎች ብዙዎቹ በኸሊፋው አቡበክር ላይ ዐመፁ። ጦርነቱ ዛሬ የደማም አካባቢ ወደሆነው ምድርም ደርሶ ነበር፤ ከቀጢፍ ፊት ለፊት በታሩት ደሴት ላይ ያለችው ዳሪን ከዐመፀኞቹ መሸሸጊያዎች አንዷ ስትሆን፣ የኸሊፋው አዛዥ አል-ዐላእ ቢን አል-ሐድረሚ ባሕሩን ተሻግሮ ያዛት። ዐመፁ ሲያበቃ አቡበክር የዐመፁትን ወደ ዘመቻ ጦር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ተከታዩ ኸሊፋ ዑመር ግን ክልከላውን አነሣና ዐመፀኞቹ በፋርስ ጦርነት እንዲዋጉ ፈቀደ፤ አዛዥ አድርጎ መሾምን ግን አልፈቀደም። ከእነዚህ የታወቀው ነቢይ ነኝ ብሎ ተነሥቶ የነበረው የአሰድ ጎሣው ጡለይሐ ነው። ጡለይሐ በዐመፁ ጊዜ ዑካሻ ቢን ሚሕሰን የተባለውን የነቢዩን ባልደረባ ገድሏል፤ ተጸጽቶ በመጣ ጊዜ ዑመር ንስሐውን ተቀበለ፣ ነገር ግን የዑካሻን ገዳይ ልቡ ሊወድ እንደማይችል ሳይሸሽግ ነገረው። ጡለይሐ በቃዲሲያ ተዋጋ፣ በነሃወንድም ተዋጋ። ስለ ሕግ ያላቸው ዕውቀት ሰፊ የሆኑ ሊቃውንት ይህን ታሪክ የሚጠቅሱት ንስሐ የገባን ተዋጊ ማሰለፍ እንደሚፈቀድ ለማሳየት ነው፤ ከዚያ ይልቅ ግን ሊያዝ የሚገባው የዑመር አነጋገር ነው። ኸሊፋው ጦሩን አስፍቶ ሳለ የሟቹን ስም አልዘለለም።

ሕጉ ራሱ በዚህ ላይ አንድ ከባድ ውጥረት አለበት። የሐንበሊ መዝሀብ ታላቅ ሊቅ ኢብን ቁዳማ አል-ሙግኒ በተባለው መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ በትርጓሜ (በአረብኛ ተእዊል) ማለትም ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ፍትሕ አለን በሚሉት ምክንያት፣ ኃይል ይዘው በመሪ ላይ የሚነሡ ሙስሊሞች ቡጋት ይባላሉ፤ ቁስለኛቸው አይገደልም፣ የሸሸው አይሳደድም፣ ንብረታቸው አይመረክም፣ በውጊያ ላይ ላጠፉት ሕይወትና ሀብትም ካሣ አይጠየቁም። መንገድ ዘግቶ የሚዘርፈው ሙሓሪብ ግን ሌላ ነው፤ ሳይያዝ በፊት ተውበት (ንስሐ) ካደረገ የአላህ ሐቅ የሆነው ቅጣት ይነሣለታል፣ የሰው ሐቅ ግን በላዩ ይቀራል፤ የሟች ቤተሰብ ደሙን፣ የተዘረፈው ገንዘቡን ሊጠይቀው ይችላል። ሁለቱ ሕግጋት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው ነገር ያሳስባል፦ ባልዋን የገደለባት ሽፍታ ከሆነ ሴቲቱ ከሳሽ ናት፤ የገደለባት ስለ እምነት ተነሣሁ ያለ ተዋጊ ከሆነ ግን የምትጠይቀው የለም። ሕጉ እንዲህ የሆነው ከ656 እስከ 661 በነበረው የሙስሊሞች የመጀመሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት በቀል በበቀል ላይ እንዳይደራረብ ነው፤ ይህ ለሕዝብ ታላቅ ርኅራኄ ነው፤ ዋጋው ግን የተከፈለው ባልተጠየቁ ሰዎች ነው። ደግሞም ወሰን አለው፤ ያው ኢብን ቁዳማ ከውጊያ ውጭ የተደረገ ጥፋት እንደሚያስጠይቅ ያስተምራል። በዚህ ሚዛን የኢራቅ እረኛና በመንገድ የተገደለ ነጋዴ ከሰቢላ ሜዳ ሟች ይለያሉ፣ ሐቃቸውም ይቆማል።

«የሰው ሐቅ» የሚለው አነጋገር በኢትዮጵያ ሙስሊሞች አፍ ውስጥ ሕያው ነው። ወደ ሐጅ የሚነሣ ሰው፣ ከወሎ ይነሣ ከጅማ፣ ወይም በደማምና በኾባር ለሥራ ሲኖር ቆይቶ ከዚያ ይነሣ፣ ጎረቤቱንና ወዳጁን «አውፍ በሉኝ» ሳይል አይሄድም፤ በሰው ላይ ያለበትን ሰው ካልተወለት በካዕባ ዙሪያ በመዞር እንደማይፋቅ ያውቃልና። በኦርቶዶክስ ትምህርትም ንስሐ አባት የሰረቀውን ሰው የሰረቀውን እንዲመልስ፣ ያስቀየመውን እንዲታረቅ ያዝዛል እንጂ በጾምና በስግደት ብቻ አያሰናብትም። ተራ ምእመን የሚያውቀውን ይህን ልዩነት መንግሥታት ሲዘነጉት ማየት ያሳዝናል። ንጉሥ ወይም መንግሥት በራሱ ላይ የተሠራውን ዐመፅ ሊምር ይችላል፤ ያ የእርሱ ነው። በእረኛው፣ በነጋዴው፣ በሺዓው ገበሬ ላይ የተሠራውን ግን እነዚያ ሳይጠየቁ ይቅር ቢል የሰው ገንዘብ እንደሚመጸውት ነው።

በምሕረቱ ውስጥ ያልተጠየቀ ሌላም ነበር፤ እርሱም የተዋጊው ሕሊና ነው። ደመወዙ የኢኽዋንን ክንድ አሳደረ፤ ጂሃድ መቼ ይቆማል፣ የኢማም ትእዛዝ ከእምነት ጋር ሲጋጭ ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄያቸውን ግን በገንዘብ ሸፈነው እንጂ አልመለሰውም። ጁሀይማን አል-ዑተይቢ ሳጂር በተባለ የኢኽዋን ሂጅራ የተወለደ፣ አባቱ ከሱልጣን ቢን ቢጃድ ጋር የተሰለፈ፣ ራሱም ለብዙ ዓመታት በብሔራዊ ዘብ ያገለገለ ሰው ነበር፤ በኖቬምበር 20 ቀን 1979 ተከታዮቹን ይዞ የመካን ታላቁን መስጊድ በጠመንጃ ያዘ። በአባት ዘመን ያልተመለሰ ጥያቄ በልጅ እጅ ታጥቆ ወጣ። በዚያው ሳምንት በቀጢፍ የሺዓ ነዋሪዎች የዓሹራን ሰልፍ በአደባባይ ሲያደርጉ የተላከባቸው ብሔራዊ ዘብ ነበር፤ ሰዎችም ተገደሉ። ከ52 ዓመት በፊት በፈትዋ ላይ የክርክር ማስታረቂያ ሆኖ የቀረበው ወገን፣ ያኔ ከከሰሱት ሰዎች ልጆች ጋር እንደገና ፊት ለፊት ቆመ፤ አሁን ግን ልጆቹ መለዮ ለብሰው ነበር።

ይህ ማለት አሠራሩ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። በጃንዋሪ 1991 መጨረሻ የኢራቅ ጦር ከደማም በስተሰሜን በኩዌት ድንበር ያለችውን ኻፍጂን ሲይዝ፣ ከኳታር ታንኮች ጋር ገብተው ከተማዋን ያስለቀቁት የብሔራዊ ዘብ ሻለቆች ናቸው፤ አያቶቻቸው በዚያው በረሃ ንጉሡን የወጉ ሰዎች የአገር ድንበር ጠባቂ ሆነው ሞቱ። ዐመፀኛን ሠራዊት ማድረግ እንደሚቻል ምሥራቁ ግዛት ይመሰክራል። የሚጎድለውንም እንዲሁ ይመሰክራል።

በኢትዮጵያ ነገሩ የቆየ ነው። የሸፈተ መኳንንት ምሕረት ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይገባ ነበር፤ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሥርዓት ገብተው ንጉሥነታቸው ጸንቶላቸዋል። የቋራው ካሣ ኃይሉም ከሽፍትነት በምሕረት ተጠርቶ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ ግዛት ተሰጥቶት ነበር፤ ጋብቻና ሹመት ግን አላሰሩትም፤ እንደገና ሸፍቶ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ድንጋዩ በአንገት ላይ ያለው ሰው የሚንበረከከው በንጉሡ ፊት ነበር፤ ከብቱ የተነዳበት ገበሬ በዚያ ድንኳን አልነበረም። ለገበሬው የነበረው ሌላ ሥርዓት ነው፤ በአማራ ደም ማድረቅ፣ በኦሮሞ ጉማ የሚባለው፣ ካሣና መሐላ ያለበት እርቅ። ሁለቱ ሥርዓቶች ለየብቻቸው ኖሩ እንጂ አልተገናኙም።

በዘመናችንም አልተገናኙም። በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የደርግ ወታደር ተበተነ፣ የሽምቅ ተዋጊው ጦር የመንግሥት ጦር ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የትግራይ ተዋጊዎች ትጥቅ እንዲፈቱ አዘዘ፤ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ያዘ። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ ወይም ወደ ፖሊስ እንዲገቡ ሲወስን በአማራ ክልል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ዛሬ የቀጠለው ጦርነት ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። የተጎጂዎች ጉዳይ ግን ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለብቻው ተያዘ። ተዋጊው በአንድ ቢሮ ይመዘገባል፣ የተዋጊው ተጎጂ በሌላ ቢሮ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ገንዘብና ቀጠሮ አለው። በደማምና በኾባር የሚኖሩ፣ ከትግራይም ከአማራም ከኦሮሚያም የመጡ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጦርነት ለሞተና ለገደለ ሁለቱም ዘመድ ናቸው፤ በአንድ ሶላት ሰልፍ ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው ያለው ሐቅ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

የደም ማድረቅ ሥርዓት በሚሠራበት የወሎና የጎጃም አገር ሽማግሌዎች እርቅ ሲጀምሩ የሚሄዱት ወደ ሟች ቤት ነው። ገዳዩ ተጸጽቷል፣ ካሣ ይከፍላል፣ ይምላል ብለው ይለምናሉ፤ ቤተሰቡ እንቢ ሲል ተመልሰው ይመጣሉ፣ እንደገና ይለምናሉ። ገዳዩ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ የሚመለሰው ያ ቤት እሺ ካለ በኋላ ነው።